ትንሽ ሣጥን፣ ሰፊ መንገድ፦ የሥውር ሀብት ፍለጋ ጨዋታና የቤተሰብ ጉዞ

የሥውር ሀብት ፍለጋ የሚባለው ጨዋታ አንድ ሰው ወይም አንድ ማኅበር በጫካ፣ በመናፈሻ፣ በተራራ ግርጌ ወይም በከተማ ጎዳና አንድ ነገር ሸሽጎ፣ ሌሎች ሰዎች በተሰጣቸው ፍንጭ እየተመሩ እንዲያገኙት የሚያደርግ፣ ከቤት ውጭ የሚከናወን ጨዋታ ነው። ፍንጭ ማለት መልሱን በግልጽ ሳይናገር ወደ መልሱ የሚያደርስ ቃል፣ ሥዕል ወይም ቁጥር ነው። የእንቆቅልሽ መስመር ደግሞ የዚሁ ጨዋታ ቅርብ ዘመድ ሲሆን፣ መንገዱ በጣቢያዎች ተከፋፍሎ የአንዱ ጣቢያ ጥያቄ ሲመለስ ወደሚቀጥለው ጣቢያ የሚመራበት አደረጃጀት ነው። የዚህ ትምህርት ዋና ሐሳብ፣ የጨዋታው ዋጋ ያለው ፍንጩ ፈላጊውን በሚያሳየው ምድር ላይ ነው የሚል ነው፤ ከ150 ዓመት የሚበልጠው ታሪኩ እንደሚያሳየውም በሣጥኑ ውስጥ ያለው ሽልማት እየከበደ ሲሄድ ጨዋታው ይበላሻል፣ ሽልማቱ ሲቀል ግን ጨዋታው ይጠነክራል፣ ዕድሜውም ይረዝማል።

ከጨዋታው ጥንታዊ መነሻዎች አንዱ በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ፣ በዴቨን ግዛት የሚገኘው ዳርትሙር ነው። ዳርትሙር 954 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው፣ ከ1951 ጀምሮ በብሔራዊ ፓርክነት የተከለለ ደጋማ ምድር ሲሆን (በዚህ ትምህርት የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፣ ጭጋግና ዝናብ ይፈራረቁበታል፤ በየኮረብታው አናት ትልልቅ የግራናይት ቋጥኞች ቆመውበታል፤ ዝቅ ባለው ስፍራም እግር የሚያሰምጥ ረግረግ ተኝቶበታል። በ1854 በቻግፎርድ ይኖር የነበረው ጄምስ ፔሮት የተባለ መንገድ መሪ፣ ክራንሚር ፑል ወደሚባለው ከማንኛውም መንገድ የራቀ ስፍራ የሚወስዳቸው እንግዶች መድረሳቸውን የሚያስመሰክሩበት ነገር እንዲኖር አስቦ፣ በድንጋይ ክምር ውስጥ አንድ ጠርሙስ አኖረ፤ እንግዶቹም የስም ካርዳቸውን በጠርሙሱ ውስጥ ይተዉ ጀመር። ከጊዜ በኋላ ጎብኚዎች የራሳቸው አድራሻ የተጻፈበትን ፖስታ ካርድ እዚያው ማስቀመጥ ልማድ አደረጉ፤ ቀጥሎ የሚደርሰው ጎብኚ ካርዱን ወስዶ ከሚኖርበት ከተማ በፖስታ ይልክላቸው ስለ ነበር፣ ጨዋታው በእንግሊዝ አገር የፖስታ ሣጥን በሚጠራበት ስም ሌተርቦክሲንግ ተባለ።

ሁለተኛው ሣጥን በ1894 በቤልስቶን ቋጥኝ ተቀመጠ፤ በ1938 ደግሞ ስለ ዳርትሙር ብዙ የጻፈውን ዊልያም ክሮሲንግን ለማስታወስ ደክስ ፑል በሚባለው ስፍራ ሌላ ሣጥን ተተከለ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የጎብኚዎች መዝገብና የጎማ ማኅተም ስለ ተጨመሩ፣ ጨዋታው እስከ ዛሬ የያዘውን መልክ ያገኘው በዚያ ጊዜ ነው። ፈላጊው በሣጥኑ ውስጥ ያገኘውን ማኅተም በራሱ ደብተር ላይ ያትማል፣ የራሱን ማኅተም ወይም ስሙን ደግሞ በሣጥኑ መዝገብ ላይ ያኖራል፣ ከዚያም ሣጥኑን በነበረበት ሁኔታ መልሶ ይሸሽገዋል። ከ1970ዎቹ ወዲህ የሣጥኖቹ ቁጥር በሺዎች እስከ መቆጠር ደርሷል፤ 100 ሣጥን ያገኙ ሰዎች የሚገቡበት ክበብም ተቋቁሟል። ከዚህ ሁሉ ድካም ፈላጊው ይዞት የሚመለሰው በወረቀት ላይ ያረፈ የቀለም ምልክት ብቻ መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል፤ ማኅተሙን ለመስረቅ የሚያነሣሣ ምክንያት ስለሌለ፣ ሣጥኑን የሚጠብቅ ዘበኛም አላስፈለገም።

የዚህን ተቃራኒ ለማየት በ1979 በእንግሊዝ አገር የታተመውንና ‹ማስከሬድ› የሚል ርእስ የተሰጠውን የኪት ዊልያምስን የሥዕል መጽሐፍ መመልከት ይበቃል። ሠዓሊው በወርቅና በዕንቁ የተሠራች አንዲት ጥንቸል በሸክላ ዕቃ ውስጥ አድርጎ ከመሬት ቀብሮ፣ የተቀበረችበትን ስፍራ በመጽሐፉ 15 ሥዕሎች ውስጥ ሰወረው። እንቆቅልሹ የሚፈታው በሥዕሎቹ ውስጥ ካሉት ፍጥረታት ዓይን ተነሥቶ በጣታቸው ጫፍ በኩል አልፎ በሥዕሉ ዳር ወደ ተጻፉት ፊደላት የሚደርስ መሥመር በማስመር ነበር፤ ፊደላቱ ሲሰበሰቡም በቤድፎርድሸር፣ በአምትሂል መናፈሻ የሚገኘውንና የንጉሥ ሄንሪ 8ኛ የመጀመሪያ ሚስት የነበረችው የካትሪን ዘአራጎን መታሰቢያ የሆነውን መስቀል ያመለክታሉ፤ ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት ዕለት በቀትር የመስቀሉ ጥላ ጫፍ የሚያርፍበት ስፍራ የጥንቸሏ መቀበሪያ ነበረ። ቦታን፣ ታሪክንና የፀሐይን አካሄድ በአንድ ላይ ያስተሳሰረ በመሆኑ፣ የእንቆቅልሹ አሠራር በራሱ የሚደነቅ ጥበብ ነው።

ይሁን እንጂ ሽልማቱ ወርቅ በመሆኑ መጽሐፉ ከሚሊዮን በላይ ቅጂ ሲሸጥ፣ አካፋ የያዙ ሰዎች በመላ አገሪቱ የሕዝብ መናፈሻዎችንና የግል ይዞታዎችን ቆፈሩ። በ1982 ትክክለኛውን መፍትሔ ሁለት የፊዚክስ መምህራን ደርሰውበት ሳለ ጥንቸሏ የወጣችው በሌላ ሰው እጅ ነበር፤ ይህ ሰው እንቆቅልሹን ሳይፈታ፣ ለሠዓሊው ቀድሞ ቅርብ ከነበረ ሰው በተገኘ መረጃ ተመርቶ እንደ ደረሰበት በ1988 በጋዜጣ ተጋለጠ። ከዚህ የባሰው በአሜሪካ የደረሰው ነው። የሳንታ ፌ የሥነ ጥበብ ነጋዴ የነበረው ፎረስት ፌን በ2010 ከሚሊዮን ዶላር በላይ ይገመት የነበረ የወርቅና የጌጥ ሣጥን በሮኪ ተራሮች መሸሸጉን አስታውቆ፣ ስፍራውን በ24 ስንኝ ግጥም ጠቆመ፤ ሣጥኑ በ2020 በዋዮሚንግ ግዛት እስኪገኝ ድረስ ቢያንስ አምስት ፈላጊዎች በወንዝና በገደል ሕይወታቸውን አጥተዋል። ሰውየው የተናገረው ዓላማ ሰዎችን ከቤታቸው አስወጥቶ ከተፈጥሮ ጋር ማገናኘት ነበር፤ የሽልማቱ ክብደት ግን የሰዎቹን ዓይን ከወንዙና ከተራራው ላይ አንሥቶ በወርቁ ላይ ብቻ ስለ ተከለው፣ ሊታይ የተፈለገው ምድር ራሱ የአደጋ ምክንያት ሆነ።

በዘመናችን እጅግ የተስፋፋው የጨዋታው ዓይነት ጂኦካሺንግ ሲሆን፣ የተወለደበትም ቀን የታወቀ ነው። ጂፒኤስ በመባል የሚታወቀው የሳተላይት አቅጣጫ መጠቆሚያ፣ ከምድር በላይ 20,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ከሚዞሩ ሳተላይቶች በሚላክ የሰዓት ምልክት የሚሠራ ነው፤ በእጅ ያለው መሣሪያ ቢያንስ ከአራት ሳተላይቶች የሚደርሰው ምልክት በመንገድ ላይ የፈጀውን ጊዜ አስልቶ የቆመበትን ነጥብ ያውቃል። የአሜሪካ መንግሥት ለወታደራዊ ጥንቃቄ ሲል ለሕዝብ የሚደርሰው ምልክት ሆን ተብሎ 100 ሜትር ያህል እንዲሳሳት ያደርግ ነበር፤ በፕሬዚዳንት ቢል ክሊንተን ትእዛዝ ይህ ስሕተት በሜይ 2000 መጀመሪያ ላይ ሲነሣ፣ ማንኛውም ሰው አንድን ዛፍ ከአጠገቡ ካለው ዛፍ ወደ መለየት በሚጠጋ ጥራት ቦታን ማወቅ ቻለ። ወዲያው በሜይ 3 ዴቭ አልመር የተባለ ሰው በኦሪገን ግዛት፣ በቢቨርክሪክ አካባቢ አንድ ጥቁር ባልዲ ሸሽጎ መጋጠሚያ ቁጥሩን በኢንተርኔት አሳወቀ። መጋጠሚያ ቁጥር የሚባለው፣ አንድ ስፍራ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ፣ ከግሪኒች መሥመርም ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ ያለውን ርቀት በዲግሪ የሚገልጽ የቁጥር ጥንድ ነው። በባልዲው ውስጥ መጻሕፍት፣ ጥቂት ገንዘብ፣ ወንጭፍና የታሸገ ባቄላ የመሳሰሉ ተራ ነገሮች ነበሩ፤ በጥቂት ቀናት ውስጥም ተገኘ።

በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ላይ ጄረሚ አይሪሽ ለጨዋታው ማውጫ የሚሆን ድረ ገጽ ሲከፍት የተመዘገቡት ሣጥኖች 75 ነበሩ፤ ዛሬ በዓለም ዙሪያ ከ3 ሚሊዮን ይበልጣሉ። ይህ መስፋፋት በሥርዓት የተደገፈ ነው። ሣጥን የሚያኖር ሰው የመሬቱን ባለቤት ወይም አስተዳዳሪ ማስፈቀድ አለበት፤ ሣጥኑን በአፈር መቅበር አይፈቀድለትም፤ የእንስሳትን አፍንጫ ስለሚጠራ ምግብ አያስቀምጥም። ፈላጊው በመዝገቡ ላይ ስሙን ይጽፋል፤ ከሣጥኑ አንዳች ነገር ከወሰደ ከወሰደው ያላነሰ ዋጋ ያለው ነገር ይተካል። እያንዳንዱ ሣጥን የእንቆቅልሹን ክብደትና የመንገዱን አስቸጋሪነት የሚገልጹ ከ1 እስከ 5 የሚደርሱ ሁለት መለኪያዎች ስላሉት፣ ሕፃናት የያዘ ቤተሰብ ወይም በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ሰው የሚስማማውን መንገድ አስቀድሞ መምረጥ ይችላል። በመንገድ ላይ ያገኙትን ቆሻሻ ለቅሞ መመለስም ከጨዋታው ልማዶች አንዱ ሆኗል። የቅበራ ክልከላው በተለይ ሊጤን ይገባዋል፤ በወርቅ ጥንቸሏ ዘመን አካፋ ያደረሰውን ጥፋት ይህ ደንብ ከሥሩ ይዘጋዋል።

ከ2004 ጀምሮ የአሜሪካ ሥነ ምድር ማኅበር ያስፋፋው ኧርዝካሽ የሚባለው ዓይነት ደግሞ ጉዳዩን እስከ መጨረሻው ይወስደዋል፤ በዚህኛው ጨዋታ ሣጥን ጨርሶ የለም። ፈላጊው በመጋጠሚያ ቁጥሩ ተመርቶ አንድ ፏፏቴ፣ የእሳተ ገሞራ ቋጥኝ ወይም የተጣጠፈ የድንጋይ ንጣፍ ዘንድ ይደርስና፣ እዚያው ቆሞ ካልተመለከተ በቀር ሊመልሳቸው የማይችላቸው ጥያቄዎች ይቀርቡለታል፤ የንጣፉን ውፍረት ይለካል፣ የድንጋዩን ቅንጣት በጣቱ ይዳስሳል፣ ቀለሙ ለምን እንደ ተለወጠ ያስባል። ሽልማቱ ዜሮ ሆኖ ሳለ ሰዎች መሄዳቸው፣ ጨዋታውን የሚያንቀሳቅሰው ኃይል የመፈለግና የማወቅ ደስታ መሆኑን ያረጋግጣል።

ይህን ኃይል ለኅብረተሰብ ትምህርት በማዋል ረገድ በአሜሪካ ሰሜን ምሥራቅ፣ በቬርሞንትና በኒው ሃምፕሸር ድንበር በኮኔቲከት ወንዝ ሸለቆ የሚካሄደው ቫሊ ክዌስት የሚባለው ሥራ ጥሩ አብነት ነው። ከዳርትሙር ልማድ ተነሥቶ በ1995 የተጀመረውን ይህን ሥራ ቫይታል ኮሙዩኒቲስ የተባለ የአካባቢ ማኅበር የሚመራው ሲሆን፣ መስመሮቹን ከሚያዘጋጁት መካከል የትምህርት ቤት ተማሪዎችና የአካባቢ ታሪክ ማኅበራት ይገኛሉ። ተማሪዎቹ ስለ አንድ አሮጌ ወፍጮ፣ መቃብር ስፍራ ወይም ደን ለማወቅ ሽማግሌዎችን ይጠይቃሉ፣ መዝገብ ያገላብጣሉ፣ ከዚያም ያገኙትን ዕውቀት ቤት በሚመታ ግጥም መልክ ፍንጭ አድርገው ይጽፉታል፤ በመስመሩ መጨረሻም ማኅተም፣ መዝገብና ስለ ስፍራው የሚያስረዳ ጽሑፍ ያለበት ሣጥን ያኖራሉ። በዚህ አሠራር የሚማረው ፈላጊው ብቻ አይደለም፤ ፍንጭ ለመጻፍ ቦታውን ደጋግሞ መመርመር ግድ ስለሚሆን፣ ሠሪው ልጅ ከፈላጊው የበለጠ ያውቃል። ስለዚህ አንድ ቤተሰብ በሌሎች መስመሮች ከተጓዘ በኋላ የራሱን መስመር ለጎረቤቶቹ ማዘጋጀቱ የጨዋታው ከፍተኛ ደረጃ ነው ማለት ይቻላል።

የመስመሩ ሁሉ ጥንካሬ በፍንጩ አሠራር ላይ የሚመሠረት በመሆኑ፣ ጥሩ ፍንጭ ምን ዓይነት ነው የሚለው ጥያቄ ሰፋ ያለ መልስ ይፈልጋል። የመጀመሪያው መስፈርት ፍንጩ በቦታው ሳይገኙ የማይፈታ መሆኑ ነው። በአንድ ሐውልት ላይ የተጻፈው ዓመት ስንት ነው ተብሎ ቢጠየቅ መልሱ በስልክ ስለሚገኝ ልጁ ቀና ብሎ እንኳ ላያይ ይችላል፤ ከሐውልቱ ጀርባ ቆመህ ከምታያቸው ሦስት ዛፎች ቅርፊቱ የሚላጠው የትኛው ነው ተብሎ ቢጠየቅ ግን ልጁ ይዞራል፣ ያነጻጽራል፣ ይነካል። ሁለተኛው መስፈርት መልሱ አንድ ብቻ መሆኑና ወቅት የማይለውጠው መሆኑ ነው፤ በአበባ ቀለም ወይም በወንዝ ጥልቀት ላይ የተመሠረተ ፍንጭ ክረምት ሲመጣ ፈላጊውን ያስታል። ሦስተኛው መስፈርት የፍንጩ ሐሳብ ከስፍራው ታሪክ ወይም ተፈጥሮ የተቀዳ መሆኑ ነው፤ ለየትኛውም ስፍራ ሊሆን የሚችል የሒሳብ ጥያቄ ጨዋታውን ወደ ክፍል ውስጥ ፈተና ይመልሰዋል።

አራተኛው መስፈርት ላልቻለ ሰው መውጫ ማዘጋጀት ነው፤ በዚህ ረገድ የአማርኛ ተናጋሪው ቤተሰብ ከሩቅ መማር የማያስፈልገው የራሱ ሥርዓት አለው። ማታ ከእራት በኋላ በሚደረገው የእንቆቅልሽ ጨዋታ ጠያቂው «እንቆቅልህ» ሲል ተጠያቂው «ምን አውቅልህ» ብሎ ጥያቄውን ይቀበላል፤ መልሱ ሲጠፋበትም «አገር ስጠኝ» ይባላል፤ ጠያቂው የተሰጠውን አገር ከተቀበለ በኋላ መልሱን ይናገራል። በዚህ ሥርዓት ያልቻለው ልጅ ከጨዋታው አይባረርም፤ ጥቂት ዋጋ ከፍሎ ዕውቀቱን ያገኛል፣ ቀጥሎም ጠያቂ ይሆናል። ጂኦካሺንግም ተመሳሳይ መውጫ አለው፤ ተጨማሪው ፍንጭ በላቲን ፊደል ተራ እያንዳንዱ ፊደል 13 ቦታ ተሸጋግሮ ስለሚጻፍ፣ የቸገረው ሰው ብቻ ፈትቶ ያነበዋል። የቤተሰብ መስመር የሚያዘጋጅ ሰው ከእያንዳንዱ ከባድ ፍንጭ ጋር በታሸገ ወረቀት ቀለል ያለ ሁለተኛ ፍንጭ ቢያኖርና ወረቀቱን የከፈተው ወገን በምትኩ አንድ እንቆቅልሽ እንዲጠይቅ ቢያደርግ፣ የአገር መስጠቱ ሥርዓት ወደ ሜዳ ወጣ ማለት ነው።

የአማርኛ ፊደል ገበታም ለዚህ ሥራ እጅግ የሚመች መሣሪያ ነው። ገበታው ከሀ እስከ ፐ 33 ረድፎችና ከግዕዝ እስከ ሳብዕ 7 ዓምዶች ስላሉት፣ 231ዱ ፊደላት እያንዳንዳቸው በሁለት ቁጥሮች ሊገለጹ ይችላሉ፤ የመጀመሪያው ቁጥር ረድፉን፣ ሁለተኛው ዓምዱን ያመለክታል። ለምሳሌ 21፥4 በ21ኛው ረድፍ የዘ ራብዕ የሆነውን ዛ፣ 32፥6 ደግሞ በ32ኛው ረድፍ የፈ ሳድስ የሆነውን ፍ ስለሚሰጡ፣ ሁለቱ በአንድነት ዛፍ ተብለው ይነበባሉ። ገበታውን በእጁ የያዘ ልጅ የሚቀጥለውን ጣቢያ ለማወቅ ረድፉንና ዓምዱን ደጋግሞ መቁጠር ስለሚኖርበት፣ የፊደሉን ተራ ሳይሰለች ይለማመደዋል። ይህም በዋሽንግተን፣ በቴል አቪቭ፣ በስቶክሆልም ወይም በዱባይ ልጆቻቸውን ፊደል ለማስቆጠር ለሚደክሙ ወላጆች ከቤት አጠገብ ባለ መናፈሻ ሊሠራ የሚችል ነገር ነው፤ አያቶችም እንቆቅልሽ በማቀበል ቦታ ያገኙበታል።

የቤተሰብ መስመር ሲዘጋጅ ርዝመቱ በትንሹ ልጅ እግር መለካት አለበት፤ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ልጆች ለሚሳተፉበት መስመር በዓይን የሚታያዩ አራት ወይም አምስት ጣቢያዎች ይበቃሉ፣ ማንበብ ለማይችሉትም ፍንጩ በሥዕል ይሁን። ለትልልቆቹ ልጆች ኮምፓስና በእጅ የተሣለ ካርታ ቢሰጣቸው፣ አቅጣጫ የማግኘትን ችሎታ ይማራሉ። በ1897 በኖርዌይ የመጀመሪያው የሕዝብ ውድድር የተደረገበት ኦሪየንቲሪንግ የተባለው ስፖርት የቆመው በዚሁ ችሎታ ላይ ነው፤ ልዩነቱ ስፖርቱ ፍጥነትን ሲሸልም የቤተሰብ መስመር ማስተዋልን መሸለሙ ነው። ስለዚህ ሰዓት መያዝና ቀድሞ የደረሰውን ማወደስ አይመከርም፤ ሩጫ ትንሹን ልጅ ከኋላ ያስቀራል፣ ትልቁንም ሳያይ ያሳልፈዋል። ሥራን በዕድሜ ማከፋፈል የተሻለ መንገድ ነው፤ አንዱ ፍንጩን ያነባል፣ ሌላው እርምጃ ይቆጥራል፣ ሌላው ካርታውን ይይዛል፣ ሣጥኑን የመክፈት ክብር ደግሞ ለትንሹ ይተዋል።

ስለ ጥንቃቄም ጥቂት ነገር መባል አለበት። አዘጋጁ ፍንጩን ከመስጠቱ በፊት መንገዱን ራሱ በልጅ ዓይን ሊሄድበት፣ ገደል፣ ጥልቅ ውኃና መኪና የሚበዛበት መሻገሪያ ያለበትን አቅጣጫ ሊተው ይገባዋል። በዳርትሙር ሰሜናዊ ክፍል የወታደር ተኩስ መለማመጃ ሜዳ ስላለ፣ ቀይ ባንዲራ በተሰቀለበት ቀን ወደዚያ መግባት የተከለከለ ነው፤ በየትኛውም አገር የአካባቢውን ደንብ ጠይቆ መነሣት ከዚሁ የሚወሰድ ትምህርት ነው። በቤተ እምነት ቅጥር፣ በመቃብርና በሰማዕታት መታሰቢያ አጠገብ መስመር የሚያልፍ ከሆነ ፍንጩ ለስፍራው የሚገባውን አክብሮት የሚያስተምር ይሁን፤ ሣጥኑም ከቅጥሩ ውጭ ይቀመጥ። በከተማ ውስጥ ባለቤቱ ያልታወቀ ሣጥን ሰውን ስለሚያስደነግጥ፣ ዕቃው ውስጡን በሚያሳይ ነገር ተሠርቶ ምን እንደ ሆነ በላዩ ይጻፍበት፤ የጥበቃ ሠራተኞችም አስቀድመው ይወቁት።

ከላይ የተዘረዘሩት አብነቶች በአንድ ነጥብ ይገናኛሉ። የፔሮት ጠርሙስ፣ የኦሪገኑ ባልዲና የቬርሞንት ተማሪዎች ሣጥን ለመስረቅ የሚያስጎመጅ ነገር ስላልያዙ ልማድ ሆነው ጸንተዋል፤ የወርቅ ጥንቸሏና የተራራው የወርቅ ሣጥን ግን አንድ ሰው ሲያገኛቸው ጨዋታቸው አብሮ አበቃ። ውድ ሽልማት የሚፈልገው አንድ አሸናፊ ሲሆን፣ ማኅተምና መዝገብ ግን ከመቶኛው ፈላጊ በኋላም ለሚመጣው ሙሉ ናቸው። ስለሆነም መናፈሻ የሚያስተዳድሩ ክፍሎች፣ ትምህርት ቤቶችና የማኅበረሰብ ማዕከሎች ለዚህ ሥራ ብዙ ገንዘብ መፈለግ አይኖርባቸውም፤ የሚያስፈልጋቸው አካባቢውን የሚያውቁ ሽማግሌዎች፣ ለመጠየቅ የሚደፍሩ ልጆች፣ አንድ ደብተር፣ አንድ ማኅተምና ፈቃድ ነው። ወላጅም በሚቀጥለው የዕረፍት ቀን በአምስት ጣቢያዎች ሊጀምር ይችላል፤ ልጆቹ ከመጀመሪያው ጉዞ ሲመለሱ ቀጣዩን መስመር ራሳችን እንሥራ ብለው ከጠየቁ ሥራው ዓላማውን መትቷል።